የትኛው ድንች?

ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ። አሥራ አንደኛ ክፍል ልገባ ነበር። ክረምቱን ከብቸና ተነሥቼ ሞጣ፣ አጎቴ ቤት ነበር የማሳልፈው። የአጎቴ ባለቤት፣ እኛ ልጆቹ እትዬ የምንላት፣ ሽሮው ሰልችቷት ኖሮ አንድ ቀን ጧት «እስኪ ዛሬስ የድንች ወጥ ልሥራላችሁ። ሂድ የኔ ጌታ፣ ከጓሮ ድንች ነቅለህ አምጣልኝ» አለችኝ።

ብቸና ያደግሁት ከከተማው መሀል፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ድንች ሲሸጥ እንጂ ሲበቅል አይቼ አላውቅም። ይህን መናገር ግን አፈርሁ። ጓሮ ስገባ የሰባት ዓመቷ የአጎቴ ልጅ ጭቃ ታቦካለች። «ድንቹ የቱ ነው?» አልኋት። ጭቃ በነካው ጣቷ ወደ አጥሩ ጥግ ጠቆመችኝ። ቅጠሉ ጠጉራም፣ ሲነኩት የሚሸት፣ እንደ በሶ ብላ ያለ ነገር ነው። «ይኼ ድንች ነው?» አልኋት ደግሜ። «አዎ፣ ድንች ነው» አለች።

አንዱን ነቀልሁ። ሥሩ ላይ ክር ክር የሚያህል ነገር ተንጠልጥሎ፣ ጫፉ ላይ የአተር ፍሬ የማታክል እብጠት አለች። ምናልባት ይኼኛው ታሞ ይሆናል ብዬ ሁለተኛውን ነቀልሁ። ሦስተኛውን። እንዲህ እንዲህ እያልሁ አጥሩን ተከትዬ እስከ መጨረሻው ሄድሁ። ሳህኑን ይዤ ስመለስ አንድ እፍኝ እንኳ አልሞላም። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ አጥሩን አየች።

«ወየው! የእናቴን ድንች!» አለች።

ለካ ይህ ድንች ኅዳር ላይ ነው የሚደርሰው። የተወለደችው አዊ ነው፤ ወደ ሞጣ ስትዳር ዘሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው እሷ ነበረች። እንድነቅል የፈለገችው ድንች ደግሞ ከጎመኑ ጀርባ ነበር፤ ደርሶ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ ለመውጣት አንድ ሰው ብቻ እየጠበቀ። አልጮኸችብኝም። የነቀልሁትን ሁሉ ሰብስባ መልሳ ቀበረችው፤ ግን አንዱም አልያዘም። ዘር አላስተረፈችም ነበር። የዚያን ቀን ሽሮ በላን።

ነገሩ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። ልጅቷ አልዋሸችም፤ ድንች ነው። እትዬም አልተሳሳተችም፤ ድንች ነው ያለችኝ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የተባልሁትን ነው ያደረግሁት። ታዲያ ሁለት ዘመድ ያልሆኑ ተክሎች እንዴት አንድ ስም ይዘው አንድ ጓሮ ውስጥ ተገናኙ? ይህን ጥያቄ ይዤ መጽሐፍ ስቆፍር ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅሁት በላይ ረጅም ሆነ።

ከዘመድነቱ እንጀምር። ዛሬ ሁላችንም «ድንች» ብለን የምንጠራው፣ ለጥብስም ለአልጫም የምንገዛው፣ የቲማቲምና የቃሪያ ዘመድ ነው። ከብቱም የማይደፍረው ያ የመንገድ ዳር እንቧይም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች ናቸው፤ የዛሬዎቹ ፔሩና ቦሊቪያ ያሉበት። እኔ የነቀልሁት ግን ከበሶ ብላ፣ ከዳማከሴና ከጦስኝ ወገን ነው። ግንዱን በጣታችሁ ብትዳስሱት አራት ማዕዘን ነው። አበባው ወደ ሐምራዊ ያደላ ሰማያዊ ነው። ከሥሩ የሚወጣው ድንች ቀጠን፣ ረዘም ያለ፣ ጣት የሚመስል ነው። አገሩ ደግሞ እዚሁ ነው። ከሌላ ቦታ አልመጣም፤ ከዱር ወደ ጓሮ ያስገቡት የኛው ደጋ ገበሬዎች ናቸው። ሦስተኛም አለ፤ ስኳር ድንች። እሱም የአሜሪካ ሰው ነው፤ ግን የሁለቱም ዘመድ አይደለም፤ መሬት ለመሬት የሚሳብ ሐረግ ነው። ሦስት ቤተሰብ፣ አንድ ስም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል የሚለው ሰው ድንችን ቢያይ ምን ይል ነበር?

አሁን ወደ እንግዳው እንሂድ። (ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ድንችን፣ ማለትም የአንዲሱን፣ ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባለው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሰው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ዓመቱም 1858 ይባላል። ሺምፐር የዋዛ ሰው አልነበረም። በ1804 ተወልዶ በ1837 ነው ወደዚህ የመጣው፤ ኤስሊንገን የምትባል የጀርመን ከተማ ላይ የተቋቋመ ማኅበር ነበር የላከው። ማኅበሩ የደረቁ ዕፀዋትን እየሰበሰበ በአውሮፓ ላሉ አባላቱ ያከፋፍል ነበር። ሺምፐር ግን ሰብስቦ አልተመለሰም። ካቶሊክ ሆነ፣ አገሬውን አገባ፣ የትግራይና የሰሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ እንትጮን ሾሙት። በ1855 ውቤ በዐፄ ቴዎድሮስ ሲሸነፉ ሹመቱም ሄደ። ኋላ መቅደላ ከታሰሩት አውሮፓውያን ጋር ሆነ፤ ከዚያም ተርፎ በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። አርባ ዓመት ገደማ። ሻይ ላይ ጣል የምናደርጋት ጦስኝ በሳይንሳዊ ስሟ «ቲመስ ሺምፐሪ» ናት፤ ስሙ እዚያ ቀርቷል። ጦስኝም ብትሆን ብቻዋን አይደለችም፤ «ቲመስ ሴሩላተስ» የምትባለውንም ሌላዋን ዝርያ ሰው ጦስኝ ብሎ ነው የሚጠራት። ግን ወደ ድንቹ ልመለስ።

እኔን የገረመኝ ስሙ ነው። ሺምፐር በቋንቋው ድንችን «ካርቶፍል» ነው የሚለው። ጣልያን «ፓታታ» ይላል። ዐረብ «በጣጢስ» ይላል። ተክሉ ከውጭ ሲመጣ ስሙንም ይዞ መምጣት ልማዱ ነው፤ ቲማቲምን፣ ካሮትን፣ ሰላጣን አስቡ። ስሙን ይዞ ባይመጣ እንኳ የእንግድነት ምልክት ይለጠፍበታል፤ የባሕር ዛፍ፣ የባሕር ማሽላ (በቆሎን ማለት ነው) እንደምንለው። «ባሕር» ያ ተክል ከባሕር ማዶ የመጣ ነው የሚል ማኅተም ነበረች። ኬንያና ታንዛኒያ ብትሄዱ በስዋሂሊ ድንች «ኪያዚ ኡላያ» ነው፤ የአውሮፓ ኪያዚ ማለት ነው። እኛ ጋ ግን በአማርኛ ድንች፣ በትግርኛ ድንሽ፣ በኦሮምኛ ዲኒቻ። ምንም የጀርመን ሽታ የለውም፤ ማኅተምም የለበትም።

ለእኔ የሚታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስሙ ከሰውዬው በፊት እዚህ ነበር። ከመሬት በታች የሚያፈራ፣ ቀቅለው የሚበሉት የጓሮ ተክል ነበራቸውና፣ አዲሱ ሲመጣ አይተው «ይኼም ድንች ነው» አሉ። እንደዚያች የሰባት ዓመት ልጅ።

ይህ በኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞች ዛሬ ድንችን የሚጠሩበት ስም በካሪቢያን ደሴቶች የስኳር ድንች ስም ከነበረው «ባታታ» የመጣ ነው። በ1597 ጆን ጄራርድ የተባለ እንግሊዛዊ ስለ ዕፀዋት ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ስሙን ያለ ምንም ቅጥያ የያዘው ስኳር ድንቹ ነው፤ የዛሬው ድንች ደግሞ «የቨርጂኒያ» የሚል የአባት ስም ተሰጥቶት ከኋላ ይከተላል። ቨርጂኒያ ያለውም በስሕተት ነው፤ አገሩ ቨርጂኒያ አይደለም። ዛሬ እንግሊዝ ገበያ ብትገቡ ተገላብጦ ታገኙታላችሁ፤ ያለ ቅጥያ የሚጠራው የአንዲሱ ነው፤ ስኳር ድንቹ «ጣፋጭ» ተብሎ ካልሆነ አይታወቅም። ባለቤቱ ስሙን ለእንግዳ አስረክቦ ራሱ ቅጽል ተቀበለ።

በኛም ቤት ከድንች ሌላ እንዲህ ዓይነት ዝርፊያ አለ፤ ዝርፊያ ብለው ካልከበደባችሁ። በርበሬን እዩ። ቀዩ በርበሬያችን፣ ያለ እሱ ወጥ ወጥ የማይመስለን፣ ኮሎምበስ አሜሪካን ከመርገጡ በፊት በዚህ አገር አልነበረም። ቃሉ ግን የቆየ ነው፤ የቋንቋ ሰዎች ከግሪኩና ከላቲኑ የቁንዶ በርበሬ ስም ጋር ያያይዙታል። ማለትም መጀመሪያ «በርበሬ» የነበረው ያ ጥቁሩ፣ ክቡ፣ ከሕንድ የሚመጣው ነበር። ዛሬ እሱ «ቁንዶ» ካልተባለ ማንም አያውቀውም። ዱባም እንደዚያው። ዐረቦች «ዱባእ» ሲሉ በጥንት ጊዜ የሚናገሩት ስለ ቅል ነበር፤ ውሃ ስለሚቀዳበት ቅል። ትልቁ ቢጫው ዱባ ከአሜሪካ ሲመጣ ስሙን ወሰደ። ስለዚህ ያ ተረት፣ ዱባና ቅል አበቃቀላቸው ለየቅል ቢሆንም፣ ስማቸው ግን ከአንድ ቤት ነው የወጣው።

እሺ፤ እንግዳው ለምን አሸነፈ? ከሺምፐር በኋላ ድንች ወዲያው አልተስፋፋም። በሰፊው የተያዘው ክፉ ቀን ከተባለው ዘመን ወዲህ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ፤ በኛ አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ። በ1887 በፈረንጅ በምጽዋ በኩል የከብት ወረርሽኝ ገባ፤ ለጣልያን ጦር ተብሎ ከመጣ ከብት ጋር ነው የሚባለው። በሬ አለቀ። ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት። ለብቸና ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ አያስፈልግም። አገሩ የጤፍ አገር ነው፤ ጤፍ ደግሞ ደጋግሞ ካልታረሰ አይሆንም፤ ለዚያ በሬ ያስፈልጋል። በሬ የሌለው ሰው የቀረው ዶማና ጓሮ ነው።

ዶማና ጓሮ ከሆነ ነባሩስ ድንች ምን ጎደለው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሱ ያ የኔ ሳህን ላይ ያለ ይመስለኛል። የአንዲሱ ድንች በሦስት፣ ቢበዛ በአራት ወር ይደርሳል። የበልግ ዝናብ ይዞ የተተከለ፣ ነሐሴ ላይ ይወጣል። ነሐሴ ጎተራው የሚራቆትበት፣ አዲሱ እህል ገና አረንጓዴ የሆነበት ወር ነው። ነባሩ ከስድስት ወር በላይ ይፈልጋል፤ ሲደርስ ኅዳር ነው። ኅዳር ላይ ደግሞ ጤፉም ገብሱም ይደርሳል፤ ማን ያስታውሰዋል? በደህና ጊዜ ይህ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም ነባሩ መሬት ውስጥ ሳይበላሽ ስለሚቆይ ሲያስፈልግ ብቻ እየቆፈሩ ማውጣት ይቻላል፤ ጓሮው ራሱ ጎተራ ነው። በረሃብ ጊዜ ግን ኅዳር ሩቅ ነው። ነሐሴን ያሻገረ እሱ ድንች ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የቅጽል ታሪክ ነው። ነባሩ ስሙን ብቻውን መያዝ ስላልቻለ የሰው ስም ተጨመረለት፤ የኦሮሞ ድንች፣ የወላይታ ድንች፣ የጉራጌ ድንች፣ የጋሞ ድንች፣ የአገው ድንች። አንዳንድ የድሮ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ዛሬ አፋችን የማይለው ቅጽል ተጽፎበት ታገኛላችሁ። ተመልከቱ እንግዲህ፤ የየትኛውም ሕዝብ ስም ቢለጠፍበት ያው አንድ ተክል ነው። ስሙን የሰጠው ሰው «እኛ የምንበላው ሳይሆን እነሱ የሚበሉት» ማለቱ ነው። ከፔሩ የመጣው የሁላችን ሆነ፤ እዚሁ የበቀለው የእነ እንትና ሆነ።

ሳይንሱም አላዘነለትም። ፋትከ የሚባል ጀርመናዊ «ኮሊየስ ኢዱሊስ» አለው፤ ኢዱሊስ በላቲን የሚበላ ማለት ነው። ኋላ «ፕሌክትራንተስ» ነው ተባለ። በ2019 ደግሞ ወገኑ እንደገና ተጠንቶ ወደ ኮሊየስ ተመለሰ፤ ግን «ኢዱሊስ» ዝቅ ብሎ የሌላ ዝርያ ንዑስ ክፍል ሆነ። መንደሩ ውስጥ ስሙን የተነጠቀ ተክል ቤተ ሙከራም ውስጥ አላረፈም።

ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ በአዴት ያልፋል። አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ከዚያ ከወጡ የድንች ዝርያዎች አንዱ «ዘንገና» ይባላል፤ ሌላው «ጓሳ»። ዘንገና የአዊ ሐይቅ ነው። እኔ በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር ይህ ነገር ፈገግ ያሰኘኛል። የፔሩው ተክል የአዊ ሐይቅ ስም ይዞ ተመዝግቦ ለገበሬ ይከፋፈላል፤ እውነተኛው የአዊ ድንች ደግሞ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ነው የሚጓዘው። በምርምር ማዕከሉ አልፈርድም፤ ዝርያዎቹ ብዙ ቤት አጥግበዋል፤ እኔንም ጨምሮ። ግን አንድ ስም ሁለት ተክል ላይ ሲያርፍ፣ ስለ አንደኛው ሲወራ ሌላኛው እንደተወራለት ይቆጠራል። «ድንች ላይ ምን ተሠራ?» ብትሉ መልሱ ብዙ ነው። የትኛው ድንች ብላችሁ ስትጠይቁ ነው ክፍሉ ዝም የሚለው።

ጨርሶ ዝም አላለም፤ ሙሉጌታ ታዬና ባልደረቦቹ በ2007 ጨንቻና ወላይታ ላይ ገበሬዎች ይህን ድንች እንዴት እንደሚተክሉት አጥንተው ጽፈዋል። እኔ ያን ጽሑፍ ሳነብ አፈርሁ። ለካ ነገሩ ጥበብ አለው። ለዘር የተቀመጠውን ድንች ቆራርሰው ይተክሉታል፤ ተክሉ ከፍ ሲል ደግሞ ጫፉን ይቀነጥሱታል፤ ቅርንጫፍ እንዲያበዛ። የሚራባውም በፍሬ ሳይሆን በራሱ በድንቹ ነው። ስለዚህ ለዘር የተረፈው ካለቀ፣ ያ ቤት የያዘው ዓይነት አበቃ ማለት ነው። ጤፍ ቢሆን ከጎረቤት ትበደራላችሁ። እትዬ ሞጣ ላይ ከማን ትበደር? ለጎረቤቶቿ «ድንች አበድሩኝ» ብትል ሞልቶ የሚሰጧት ያኛውን ነው።

ባለፈው ዓመት ለሥራ እንጅባራ ሄጄ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ የዚያ አገር ልጅ አለ፤ ታሪኩን ነገርሁት፤ ስቆ ስቆ ሲያበቃ እናቱ ዘንድ ወሰደኝ። እናቱ «የትኛውን ነው የምትፈልገው?» አሉኝ ገና ከመጠየቄ። በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ጥያቄ የለም። ትንሽ ፌስታል ሞልተው ሰጡኝ፤ ገንዘብ ብል «ለዘር አይከፈልም» አሉ።

ሞጣ ስደርስ እትዬ ፌስታሉን ፈታች። አንዱን አንሥታ አፈሩን በአውራ ጣቷ ጠረገች፣ አገላበጠችው፣ አሸተተችው። ዓይኗን አይቼ ልቤ ዝቅ አለ።

«የእናቴ ረዘም ይላል» አለች። «ይኼ ክብ ክብ ይላል። የእናቴስ እንደ ትንሿ ጣት ነበር።» ጥቂት ዝም አለች። «ግን እሱው ነው። ዘመዱ ነው።»

የዚያን ዕለት ማታ ተከለችው። ዶማውን እኔ ያዝሁላት። እንደ ድሮው ወደ አጥሩ ጥግ ስሄድ ጠራችኝ፤ ከቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከመቀመጫዋ ትይዩ ያለውን ቦታ አሳየችኝ።

«እዚህ ይሁን» አለች። «እዚህ ሆኜ አየዋለሁ። አንተም ስትመጣ አይሃለሁ።»